እማዬ፣ ከሰሉን ቤት ውስጥ አታቀጣጥዪብኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምትዘጊው በትልልቁ ጻፍኩልሽ። መብራት ሲጠፋ ስልክም ቻርጅ ይጨርሳል። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

ባለፈው ሳምንት በውሽንፍሩ መብራት ሲጠፋ ሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥለሽ ቡና አፈላሽ። ከዚያ ራስሽን አመመሽ፣ አጥወለወለሽ። «ምች ነው» አልሽኝ። ምች አይደለም እማዬ፣ ከሰሉ ነው። ወንድሜ ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ በሩን ባይከፍተውስ? ይህን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

«ለመብራት መጥፋት እኔ አዲስ ነኝ እንዴ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አይደለሽም። ግን ያደግንበት ቤት በበሩም በቆርቆሮውም ሥር ንፋስ ይገባዋል። እዚያም ቢሆን በከሰል ታፍኖ የሚሞት ሰው አለ። የሚኒሶታ ቤት ደግሞ ብርድ እንዳያስገባ ድፍን ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭሱ ጠፍቶ ፍም ብቻ ሲቀር መርዙ ያለቀ ይመስላል እንጂ አላለቀም። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም። ራስሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽ፣ ካቅለሸለሸሽ ወዲያው ከቤት ውጪና 911 ደውዪ።

መኪናም ያው ነው። በፈረንጆቹ 2021 ፌብሩዋሪ ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲያጣ፣ ሂዩስተን ውስጥ አንዲት የአገራችን ልጅ ከትንሿ ልጇ ጋር ሞተች። ሞተሩ የተነሳው መኪና የቆመው ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ለወንድሜም ንገሪልኝ። ጄኔሬተር ከገዛም ውጭ ይሁን፣ ከቤቱና ከመስኮቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ።

ዎርዚንግተን ከተማው ውስጥ መብራት መጥቶ እናንተ ጋ ገጠር ሲቀር አትናደጂ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ዋናውን መስመር፣ ቀጥሎ ብዙ ቤት የሚያገኘውን ይጠግናሉ። የሽቦው ጫፍ ላይ ያለ ቤት መጨረሻ ይደርሰዋል። በ2013 ኤፕሪል እዚያው እናንተ ጋ ኖብልስ ካውንቲ ላይ በረዶው ሽቦና ምሰሶ ላይ ተጋግሮ እየሰበረ ሲጥል፣ ብዙ ሰው ለቀናት በጨለማ ቆይቷል። ስለዚህ ለቀናት ተዘጋጂ። የጉድጓዱ ፓምፕም የሚሠራው በመብራት ነው፤ ውሽንፍር ይመጣል ሲባል ውሃ በጀሪካን ቅጂ። ቡናሽንም ቀድመሽ አፍልተሽ በፔርሙዝ ያዢ።

ኢንሱሊንሽን አደራ! «ውጭው ራሱ ፍሪጅ ነው» ብለሽ በረዶ ላይ እንዳታስቀምጪው። አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሠራም። ፍሪጁን ካልከፈትሽው ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የወደቀ ሽቦ ካየሽ አትጠጊው፣ ከ10 ሜትር በላይ ራቂ። ብርዱ ከበረታ አንድ ክፍል ውስጥ ሁኚ፣ ጋቢ ደርቢ። ካልቻልሽ ለጎረቤቶቹ ደውዪ፤ ነግሬያቸዋለሁ። አላስቸግርም አትበዪ።

ኮሪደሩ ላይ የሰቀልኩልሽን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ «ትጮህብኛለች» ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ከተሻታል። የምትጮኸው ባትሪዋ ስላለቀ ነው። ቅዳሜ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ። የከሰሉን ከረጢት ግን ይዤው እመለሳለሁ፣ አትቆጪኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ