ሱቅ ማሸግ ካርቴል አይሰብርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ዋጋ በናረ ቁጥር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ቸርቻሪው ደጃፍ ይሰለፋሉ። ሱቅ ማሸግ ለዜና ይመቻል። ቸርቻሪው ግን አብዛኛውን ጊዜ የገዛበትን ጭማሪ ነው የሚያሻግረው፤ ካርቴል፣ ማለትም ተፎካካሪዎች በድብቅ ተስማምተው ዋጋ የሚወስኑበት ስምምነት፣ ካለም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእሱ በላይ፣ በአምራቾች ወይም በጅምላ አከፋፋዮች መካከል ነው።

ዋጋ አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። አንዱ ሲጨምር ሌላው አይቶ ቢከተል ሕግ አያስጠይቀውም፤ የሚያስጠይቀው ተነጋግረው ሲጨምሩ ነው። መዝገቦች የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው፦ ዐቃቤ ሕግ የዋጋ ሠንጠረዥ ይዞ ይቀርባል፣ የተነጋገሩበት ማስረጃ ግን የለውም።

ማስረጃው ያለው ወረቀት ውስጥ ነው። ጨረታን እንውሰድ። ሁለት “ተፎካካሪዎች” ባስገቡት ሰነድ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈትና አንድ ዓይነት የማባዛት ስህተት ይገኛል። ፋይሎቹ ሲመረመሩ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ተጽፈው ይገኛሉ። ተሸናፊዎቹ ሁልጊዜ ከአሸናፊው በተመሳሳይ መቶኛ ከፍ ብለው ይገባሉ። ከሁሉም የባሰው ምልክት ተሸናፊው ቆይቶ ከአሸናፊው ንዑስ ሥራ ተቋራጭነት ሲያገኝ ነው፤ የመሸነፉ ዋጋ ተከፈለው ማለት ነው። ስለዚህ መርማሪ የአምስት ዓመት ጨረታዎችን ደርድሮ ማን ከማን ጋር እየተፈራረቀ እንዳሸነፈ ይይ። ደብዳቤ ጽፎ “ሰነድ ላኩልኝ” ካለ የሚደርሰው የጸዳ ፋይል ነው፤ ብርበራው በፍርድ ቤት ፈቃድ፣ በሁሉም ቢሮዎች በአንድ ሰዓት መጀመር አለበት።

ሌላው መሣሪያ ቀድሞ ለተናዘዘ ምሕረት መስጠት ነው። አሜሪካ አሠራሩን በ1993 ካሻሻለች ወዲህ ከምርመራው በፊት ቀድሞ የመጣ ድርጅት፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ ከክስ ነጻ ይወጣል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2016 በጭነት መኪና አምራቾች ላይ ወደ 2.93 ቢሊዮን ዩሮ ሲቀጣ፣ የ14 ዓመቱን ስምምነት ያጋለጠው “ማን” (MAN) የተባለው የጀርመን ኩባንያ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ቅጣት ቀርቶለታል። ሌሎቹ ከፈሉ። ቅጣቱ ቀላል በሆነበት አገር ግን ማን ምን ፈርቶ ይናዘዛል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። በዓመት 100 ሚሊዮን የሚሸጥ ድርጅት በስምምነቱ 10 ሚሊዮን ትርፍ ካገኘ፣ በአምስት ዓመት 50 ሚሊዮን ይሆናል። 2 ሚሊዮን ቢቀጡት ቅጣቱን እንደ ቤት ኪራይ ይቆጥረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ስሌት ስምምነቱ ከነካው ምርት ዓመታዊ ሽያጭ እስከ 30 በመቶ ወስዶ በጥሰቱ ዓመታት ያባዛል፤ ጣሪያው ከድርጅቱ ጠቅላላ ዓመታዊ ሽያጭ 10 በመቶ ነው።

መሥሪያ ቤቶች “ቀጣን” ሲሉ ሦስት ቁጥሮች አብረው ያውጡ፦ ጥሰቱ የቆየበትን ዘመን፣ በዚያ ጊዜ የተሸጠውን መጠንና የተሰላበትን መቶኛ። ጋዜጦችም እነዚህን ሳይጠይቁ ዜናውን ባያትሙ ደስ ይለናል።