ወንዞቻችንን ቱቦ ውስጥ አትክተቱብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። ስለ ክረምቱ ጎርፍ ያወጣችሁትን አንብቤ ወድጄዋለሁ፣ ግን ትንንሾቹን ወንዞች በኮንክሪት ደፍኖ ላያቸው ላይ መንገድና ሱቅ መስራት ነው መፍትሄው ያሉት አስተያየት ሰጪ ጭራሽ አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም ይሄን አድርገው የተቀጡ ሰዎች አሉ።

አሜሪካ አዮዋ ውስጥ ዱብዩክ ምትባል ከተማ አለች፣ የእህቴ ልጅ እዛ ስለምትኖር ነው ታሪኳን ማንበብ የጀመርኩት። ህዝቧ 60 ሺ ገደማ ነው፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ወንዙን ስትሻገር ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ሚባሉት ግዛቶች ናቸው። ጁልየን ዱብዩክ የተባለ የኩቤክ ሰው በ1788 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት አመቶችም እንደዛው ናቸው) የአገሬው ነባር የሆኑት የሜስክዋኪ ህዝብ ፈቅደውለት እርሳስ ሊቆፍር መጥቶ ነው ስሙ የቀረው። አቀማመጧ የኛን ያስታውሳል፣ ገበያው ታች ሜዳ ላይ ነው፣ ከጀርባው ገደል፣ ገደሉን ሚወጣ በገመድ ሚጎተት ትንሽ ባቡር ከ1882 ጀምሮ አላቸው።

በ1965 ሚሲሲፒ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት፣ ከዛ በ1973 የጎርፍ መከላከያ ግንብ ጨረሱ። ግንቡ ትልቁን ወንዝ ያግዳል እንጂ ከጀርባ ከኮረብታው ሚወርደውን ምን ያደርገዋል? ቢ ብራንች ሚሉት ጅረት ነበራቸው፣ እሱን ከመቶ አመት በፊት ገደማ ቱቦ ውስጥ ከተው ላዩን ሰፈር አደረጉት። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው አልችል እያለ ውሃው ምድር ቤት ገባ፣ ከ1999 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ብቻ 6 ጊዜ በፕሬዝዳንት ደረጃ የአደጋ አዋጅ ታውጆላቸዋል። በመጨረሻ ከተማው ብዙ ቤት ገዝቶ አፈረሰና ጅረቱን መልሶ ከፈተው፣ ዳሩን ሳር አልብሶ መሄጃ ሰራበት፣ ከላይ ውሃ ማቆሪያ አበጀ፣ የጓሮ መንገዶቹንም ውሃ በሚያሳልፍ ጡብ አነጠፈ። የደፈኑትን ለመክፈት ስንት ብር እንደወጣ አስቡት!

የኛ ቦርከና ደሴን አቋርጦ በዶቃቂት ገደል ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ እዛ ደግሞ ወርቃና ለዮሌ ሚባሉት ወንዞች የፋብሪካውን ፍሳሽ ይዘው ይቀላቀሉታል። የሰፈራችን ድልድይ ስር ብትመለከቱ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጫት ገረባና ማዳበሪያ ጆንያ ቱቦውን ግማሽ ዘግቶታል፣ ሰማዩ ሲጠቁር ሽንኩርት ሻጮቹ ገና ጠብታ ሳይወርድ ጆንያቸውን አግዳሚ ላይ ይሰቅላሉ፣ ምክንያቱም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያውቁታል። ይሄን ሁሉ ክፍቱን ማጽዳት ያቃተን ሰዎች ከተደፈነ በኋላ ማን ገብቶ ነው ሚጠርገው?

ስለዚህ እናንተን ምለምናችሁ፣ ከተማውን ሚያስተዳድሩትን ሄዳችሁ ጠይቁልን፣ ወንዝ ዳር ቤት እንዳይሰራ ምን ያህል ሜትር ተከልሏል፣ የጦሳ ተራራን ጎን በእርከንና በዛፍ ለመያዝ ዘንድሮ ምን ታስቧል፣ ቱቦ ሚቀበርም ከሆነ የትኛውን ዝናብ እንዲችል ነው የተሰላው። መልሱን በሚቀጥለው እትም ብታወጡልን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ፣
ከደሴ