ኮምፒውተሩን ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች፣ በተለይ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አባላት እንዲያነቡልኝ ነው። ደህና ደህና ዴስክቶፖች «አርጅተዋል» እየተባሉ ግምጃ ቤት ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው ማየት ያንገበግበኛል። እጄ ከገቡት መካከል ብዙዎቹ የጎደላቸው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ፣ ብቻ ነበር።

በቅርቡ አንዲት የደመወዝ ክፍል ሠራተኛ ሊወገድ የተመዘገበ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 አምጥታልኝ ነበር። ችግሩን እዚያው ቁጭ ብላ አሳየችኝ። መጀመሪያ የደመወዙን ኤክሴል ከፈተች፤ ቀጥላ ፓወር ግዕዝን አስነሣችና ዎርድ ላይ መጻፍ ጀመረች። ኢንተርኔት ልትገባ ብራውዘሩን ስትጫን ማውሱ ቀጥ አለ። ከሲፒዩው (ከኮምፒውተሩ ሳጥን) ፊት ለፊት ያለችው የሃርድ ዲስክ መብራት ግን ፋታ አጥታ ትርገበገባለች። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያቺ መብራት ናት። ማሽኑ ያለው ራም 2 ጊጋ ነው። እሱ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ሲያስፈልገው ደግሞ መልሶ ያነበዋል። የሚሽከረከር ዲስክ ከራም ጋር ጨርሶ አይወዳደርም፤ ስለዚህ ኮር አይ5 የሆነው ፕሮሰሰር (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ሥራ ፈትቶ ዲስኩን ይጠብቃል። ሠራተኛዋ ስትነግረኝ በመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው ውሳኔ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል» የሚል ነበር።

ክዳኑን ስከፍት ከአራቱ የራም ስሎቶች (ማስገቢያዎች) ሦስቱ ባዶ ናቸው። የነበረውን አውጥቼ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር3 የተባለ ዓይነት ራም፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ያላቸውን፣ መያዣቸው አንድ ቀለም በሆነ ሁለት ስሎቶች አስገባሁ። እንዲህ ጥንድ ሆነው ሲገቡ ፕሮሰሰሩ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያነባቸዋል፤ አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻውን ከሚገባ ይሻላል። ያገለገለ የዲዲአር3 ዋጋ ከአንድ የመንዝ በግ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። ሠራተኛዋ ሦስቱንም ባንድ ላይ ከፍታ ስትሠራ መብራቷ ብልጭ ብላ ዝም አለች።

ዕቃው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ተሳስቶ የተገዛ ራም ለመመለስ የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ አለው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዓይነቱን ማወቅ የግድ ነው። ዲዲአር2ም ዲዲአር3ም ባለ 240 ፒን በመሆናቸው ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን መሐል ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያያል፣ የሚፈልጉት ቮልቴጅም አንድ አይደለም። ኤችፒ ዲሲ7900 የሚቀበለው ዲዲአር2 ነው። አልገባ ያለውን በግድ ተጭኖ ስሎቱን የሰበረ ሰው አይቻለሁ። የቆየውን ራም ነቅሎ ይዞ መሄድ፣ ወይም ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ከዚህ ሁሉ ያድናል። ደግሞም በጣም ረክሶ የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ስታዩ ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ከሰርቨር (ብዙ ኮምፒውተሮችን ከሚያገለግል ማሽን) የወጣ ነው፣ ተራ ዴስክቶፕ አያነሣውም፤ አንዳንዱ የሚሠራው ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባላቸው ማሽኖች ብቻ ነው።

ሌላው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው። በየቦታው ፎርማት ሲደረግ እሱ ይጫናል፤ ባለቤቱ 8 ጊጋ አስገብቶ ሲያየው የሚሠራበት 3 ጊጋ ከምናምን ብቻ ይሆንበታል፣ ነጋዴው ያጭበረበረውም ይመስለዋል። ባለ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋ በላይ አይጠቀምም። ባለ 64 ቢቱ ሲጫን የቀረው ይመጣል።

ስለ አየራችንም አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ነው፤ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጥ የሚለው ኤሌክትሪክ ራም ለማበላሸት ይበቃል። ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማብሪያውን ጥቂት ተጭናችሁ ያዙና የሲፒዩውን ባዶ ብረት በእጃችሁ ንኩ፤ ራሙንም በጠርዙ ያዙት። ከሸዋ ሮቢት የሚመጡልኝ ደግሞ በአቧራ የታፈኑ ናቸው። በእነሱ ላይ የራሙን ወርቅማ ጥርስ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ስሎቱን በብሩሽ መጥረግ ብቻውን «አልነሣም» ያለ ማሽን ያስነሣል። ሲገባ በሁለቱም ጫፍ መያዣው ቀጭ እስኪል ተጫኑት፤ ግማሽ የገባ ራም ጩኸት ብቻ ነው የሚያሰማው።

ሁሉም ይድናል አልልም። ፔንቲየም 4 በተባለው በጣም ያረጀ ፕሮሰሰር የሚሠራ ማሽን ላይ ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም። ሃርድ ዲስኩ የሞተም ራም ቢጨመርበት አይነሣም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኦፕቲፕሌክስ 790ን በመሰሉ ማሽኖች አይደገፍም። ለትምህርት ቤት ግን በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ሊኑክስ ሚንት አለ። 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ በነፃ ይገኛል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ተማሪ ታይፕ ለመማርና ኤክሴል መሰል ሠንጠረዥ ለመለማመድ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በዞናችን ንብረታቸው የተዘረፈባቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። እዚህ ግምጃ ቤት አቧራ የሚጠጣው ዴስክቶፕ ራም ተጨምሮበት አጣዬ ወይም ደብረ ሲና ያለ ተማሪ ቢለማመድበት የማን ንብረት ይጎዳል? ኮሚቴዎቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የማስወገጃ ቅጹ ላይ የማሽኑ ራም ስንት ጊጋ እንደሆነና ስንት ስሎት ባዶ እንደሆነ የሚጻፍበት መስመር ይጨመር። ዊንዶውስ 10 ባለው ማሽን ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ ከሚለው ገብቶ ሜሞሪ የሚለውን መጫን ሁለቱንም ያሳያል። ያ መስመር ሳይሞላ ጨረታ አይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን