ለእጥበት ታካሚዎቻችን የደም ምርመራ እናዋጣ

ሰላም የሰፈር ልጆች! ለኩላሊት እጥበት እርዱ ስትባሉ እጃችሁን ሰብስባችሁ አታውቁም፣ ተባረኩ። የዛሬው ልመናችን ግን ለደም ምርመራው ነው።

እናቴ እጥበት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ በአንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል መታጠብ ነበረባት፤ አቅማችን የቻለው 2 ቀን ነው። አንድ ወር ብር አጠረንና «ምርመራው ይቆይ፣ እጥበቱ ይቅደም» አልን። እሷም ደህና ነኝ ትል ነበር፣ እኛም ትበርታ ብለን አቮካዶ ጭማቂና ሙዝ እንሰጣታለን፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ጉልበቷ ከዳት፣ ልቧ ተዘበራረቀ፣ ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ፖታሲየሟ (አቮካዶና ሙዝ ውስጥ በብዛት ያለው፣ የታመመ ኩላሊት ከደም ማስወጣት የሚያቅተው ማዕድን) 7.2 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ5 ብዙም አይበልጥም። ተረፈች፣ ተመስገን። ፖታሲየም ምልክት ሳይሰጥ ከፍ ብሎ ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ቀድሞ በደንብ የሚያሳየው የደም ምርመራው ነው።

ሄሞግሎቢንም (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ የደም ማነስ የሚለካበት) እንደዚያው ነው። ካልተለካ የደም ማነሱ መርፌ በግምት ይሰጣል። ሲያንስ ሰው ደም ይወስዳል፤ ደጋግሞ ደም መውሰድ ደግሞ ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ ሰው የሚስማማ ኩላሊት ማግኘቱን ያከብድበታል። ይሄን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት።

አልቡሚንን (ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው) ብዙዎቻችን አናውቀውም። ዝቅ ካለ ታካሚው በደንብ እየበላ አይደለም ወይም የተደበቀ ኢንፌክሽን አለ ማለት ሊሆን ይችላል። አልቡሚናቸው ዝቅ ያለ የእጥበት ታካሚዎች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ዩሪያ (እጥበቱ ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከእጥበት በፊትና በኋላ ሲለካ ደግሞ እጥበቱ በቂ መሆኑ ይታወቃል። ያን ሁሉ ብር ከፍለን በደንብ መታጠባቸውን አለማወቃችን ያሳዝናል።

በእድራችን 11 ታካሚዎች አሉ። በየወሩ ሄሞግሎቢን፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ አልቡሚንና ዩሪያ፣ በየ3 ወሩ ደግሞ ፌሪቲን (የሰውነት የብረት ክምችት የሚታይበት) እና የፓራታይሮይድ ሆርሞን (ካልሲየምንና አጥንትን የሚቆጣጠር) ልናሠራላቸው አስበናል። ብሩ በታካሚ እጅ አይገባም፤ እድሩ በቀጥታ ለላብራቶሪው ይከፍላል። ደረሰኙን በየወሩ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እንለጥፋለን፣ የታካሚ ስምና ውጤት ግን አይወጣም፣ እሱ የሐኪሙና የታካሚው ነው።

ትንሽም ቢሆን በየወሩ የማይቋረጥ ብር ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይበልጥ ይጠቅመናል፣ ምርመራው የየወሩ ነውና። ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ። ላብራቶሪ የምትሠሩ ካላችሁ ቅናሽ አስገኙልን፣ እሱም መዋጮ ነው። የመጀመሪያው ደም የሚወሰደው በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ስለሆነ ያላችሁን እስከዚያ ለእድሩ ገንዘብ ያዥ አድርሱልን።