ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለ ልጆቻችን የወደፊት ሥራና ውሎ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። በኅዳር ወር የአማርኛ መምህራችን ለ10ኛ ክፍል ልጆች አንድ የጽሑፍ ሥራ ሰጥተው ነበር። ርዕሱ «በ2032 ዓ.ም. አንድ ተራ ማክሰኞ» የሚል ነው። ዓመቱ የተመረጠው አብዛኞቹ ያኔ ሠላሳ ዓመት ስለሚሞላቸው ነው፤ ማክሰኞ የተባለውም የበዓል ወይም የዕረፍት ቀን እንዳይጽፉ ነው። ከእንቅልፍ ሲነሡ ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ፣ ከማን ጋር እንደሚሠሩ፣ ምሳ የት እንደሚበሉ በሁለት ገጽ እንዲያስረዱ ተጠየቁ። መምህሩ አርመው ከጨረሱ በኋላ ጽሑፎቹን ተቀብዬ ሁሉንም አነበብኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ጋር መነጋገር እንዳለብን ሳስብ ሰንብቻለሁ።

አብዛኞቹ ጠዋቱንና ማታውን አሳምረው ጽፈውታል። ጠዋት ላይ ሰፊ ቤት፣ ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና፣ የተዘጋጀ ቁርስ አለ። ማታ ላይ ከቤተሰብ ጋር ጨዋታ አለ። ለእናቱና ለአባቱ ቤት ያልሠራ ልጅ ለማግኘት ብዙ ወረቀት ማገላበጥ ነበረብኝ፤ ይህን ብታውቁ ደስ ይላችኋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ግን ባዶ ነው። «ቢሮ ገብቼ ሥራዬን እሠራለሁ» ይላል፤ ቀጥሎ «ሥራዬን ጨርሼ ወደ ቤት እመለሳለሁ» ይላል። ሐኪም የሆነው ልጅ ቀኑን ሙሉ አንድ ሕመምተኛ አላየም። መሐንዲስ የሆነችው ልጅ ብረት አልቆጠረችም፣ ከሠራተኛ ጋር አልተከራከረችም፣ ሲሚንቶ ዘግይቶባት አልተጨነቀችም። የሥራውን ስም ያውቁታል፤ ሥራው ውስጥ ያለውን ቀን ግን አያውቁትም።

ከዚህ የተለዩ ጥቂት ጽሑፎች ነበሩ። የሁለቱን ልጆች ፈቃድ ጠይቄ ነው የማካፍላችሁ።

ነርስ መሆን የምትፈልግ አንዲት ልጅ ማክሰኞዋን የምትጀምረው ከሌሊት ተረኛዋ ጋር ርክክብ በማድረግ ነው። አልጋ በአልጋ እየዞሩ፣ የማን ጉሉኮስ ሊያልቅ እንደተቃረበ፣ የትኛዋ እናት ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት እንዳደረች፣ የትኛው አስታማሚ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ እስካሁን እንዳልተመለሰ ትጽፋለች። ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። እግሯ ስለሚያብጥ ከቁጥሯ ከፍ ያለ ጫማ ገዝታለች። አስጠርቼ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት አክስቷ ነርስ መሆኗንና ቡና እየተፈላ የሥራ ውሎዋን ስታወራ እንደምትሰማ ነገረችኝ። በነርስነት ያለውን ድካም እያወቀች ነው የመረጠችው። እንዲህ ያለ ምርጫ በቀላሉ አይናወጥም።

ሁለተኛው ልጅ ፊልም መሥራት ይፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ ከአጎቱ ጋር ሠርግ ይቀርጻል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ቀይ ምንጣፍም ሽልማትም የለም። ማክሰኞውን የሚያሳልፈው የተቀረጸውን ኮምፒውተር ላይ ሲያቀናብር ነው፤ ከእልልታው ውስጥ የጄኔሬተሩን ድምፅ ለማውጣት ይታገላል፣ የረዘመውን ምርቃት የአባቶችን ክብር ሳይነካ ያሳጥራል። የሙሽራዋ እናት እንባቸውን ሲጠርጉ ካሜራው ኬኩ ላይ ስለነበር ያ ቅጽበት እንዳመለጠው ጽፎ «ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የምፈልገው የእናትየውን ፊት ነው» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ጥቅምት ላይ ቢሮዬ መጥተው «ካሜራው ከትምህርቱ አፈናቀለው» ብለውኝ ነበር። የሒሳብ ውጤቱ እንደቀነሰ እኔም አውቃለሁ፤ የአባትየውን ሥጋት በቀላሉ አላየውም። ነገር ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም። ይህን አባትም እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ያልተጨረሰ ጽሑፍ ነው። እናቱ ዓረብ አገር የምትሠራ፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር ልጅ የራሱን ማክሰኞ ከመጻፉ በፊት የእናቱን ሊጽፍ ሞከረ። ከእንቅልፏ የምትነሣበትን ሰዓት ጻፈ፤ ከዚያ አቆመ። ከታች «ቀኑን ምን ስትሠራ እንደምትውል ጠይቄያት አላውቅም፤ የምናወራው ስለ እኔ ነው» ይላል።

በሌላውም ዓለም ያሉ ልጆች ከዚህ ብዙም አይርቁም። ኦኢሲዲ የተባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በጥር 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት በ41 አገሮች የሚገኙ የ15 ዓመት ልጆች በሠላሳ ዓመታቸው ምን ሆነው እንደሚጠብቁ ተመልክቷል። ከወንዶቹ 47 በመቶ፣ ከሴቶቹ 53 በመቶ የሚሆኑት የጠቀሱት ከአሥር የሥራ ዓይነቶች አንዱን ነው። ሕፃን የሚያስበው ያየውንና የሰማውን ነው። እኛ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብለን እንጠይቅና «ዶክተር» ሲል እናጨበጭብለታለን። «እንጨት ሠሪ» ቢል አናጨበጭብም። ልጆች ይህንን ቶሎ ይማራሉ።

በአገራችን ለዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተደርጓል። በዚያ ዘመን በምህንድስና ተመርቀው ሥራ ፍለጋ የተንከራተቱ ልጆች በየሰፈራችሁ አሉ፤ አንዳንዶቻችሁ ወላጆቻቸው ናችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተናንም ታውቁታላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። መሻሻሉ ያስደስተኛል፤ ትምህርት ቤታችንም ለዚሁ ፈተና ቀን ከሌት ይሠራል፣ ጥናት የሚያላላ ነገር ከእኔ አትሰሙም። ግን ከአሥር ልጆች ዘጠኙ በማያልፉበት አንድ በር ፊት ልጆቻችንን ሌላ ምንም ሳናሳያቸው ማቆም ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህ ልጆች በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ገና ታዳጊዎች ነበሩ፤ ትምህርታቸው ተቋርጦ፣ ብዙዎቹም ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ነገን ማሰብ ራሱ ለእነሱ እንደገና የተማሩት ነገር ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ዓመት አንዲት ልጅ የተቀደደ የሥዕል ደብተር ይዛ ቢሮዬ መጥታለች። ገጾቹን በፕላስተር አያይዛቸዋለች። የቀደደው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። የልጅ የሥዕል ደብተር፣ የግጥም ደብተር፣ ዜማ የተቀዳበት ስልክ ሲገኝ በቤታችን ቁጣ የሚነሣው ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ «በዚህ እንጀራ አይበላም» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ሆኖም እባካችሁ አትቅደዱ።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ከአንኮበር ተነሥተው ገና በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሥዕል ተምረው ተመለሱ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው ባለ ቀለም መስተዋት የእሳቸው ሥራ ነው። የጅማው ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲያጠና ነበር፤ ለንደንና ቦስተን ሙዚቃ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። ይህን የማነሣው ልጆቻችሁ ሁሉ አፈወርቅ ይሆናሉ ለማለት አይደለም። ሁለቱም የመረጡትን ትምህርት በሥርዓት ተምረዋል፤ ከቁም ነገር ሸሽተው ወደ ጥበብ አልሄዱም። እኔም ከልጆቻችሁ የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ደግሞም እኛ ወሎዬዎች ነን። ባቲና አምባሰል ብለን የቅኝት ስም ያወጣን ሰዎች ማሲንቆ ያነሣን ልጅ እንደ ጠፋ ልጅ ማየታችን አይገባኝም።

መንገዱም የለም አይባልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሉት የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲቀበሉ ችሎታን በተግባር ይፈትናሉ፤ ስለዚህ የሚሥል ልጅ ብዙ የተሠራ ደብተር ያስፈልገዋል። በኮምፒውተር በኩል ለሚያስቡት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ለዚሁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍት ነው።

አንድ አባት «ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሥልና የሚጽፍ ከሆነ ልጄ ለምን ይለፋል?» ብለው ጠይቀውኛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የትኛውን ሥራ እንደሚያስቀር፣ የትኛውን እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት ልነግራቸው አልችልም ነበር። የነገርኳቸው ስለ ሠርግ ቀራጩ ልጅ ነው፤ የእናትየውን ፊት መፈለግ እንዳለበት ያወቀው እዚያ ቆሞ ስላመለጠው ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ጥር መጨረሻ ላይ በሚውለው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት እያንዳንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከወላጁ ወይም ወላጁ ከሚያምነው ዘመድና ጎረቤት ጋር እንዲውል እንፈልጋለን። ሥራው ምንም ይሁን። ሰኞ ገበያ እህል የምትነግዱ፣ ፒያሳ ልብስ የምትሰፉ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ፣ የኮምቦልቻን ቁልቁለት በቀን ብዙ ጊዜ የምትመላለሱ ሾፌሮች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይል የምታገላብጡ ሁሉ ለልጆቻችን የምታሳዩት አላችሁ። ቤት የምትውሉ እናቶች «እኔ ሥራ የለኝም» ብላችሁ ቅጹን ባዶ እንዳትመልሱ፤ ሊጥ ከማቡካት ጀምሮ ያለውን ቀን ልጁ ደብተር ይዞ ይከታተላችሁ። ልጆቹ የሚጠይቋችሁ ጥያቄ አላቸው፦ ጠዋት መጀመሪያ የምትነኩት ምንድን ነው፣ የሚሰለቸው የትኛው ሰዓት ነው፣ ስሕተት የሚሠራው የቱ ላይ ነው፣ ማን ካልመጣ ሥራው ይቆማል። ደመወዝም ከጠየቁ እውነቱን ንገሯቸው፤ ደብቀናቸው ነው ሀብትን ከቲክቶክ የሚማሩት። ሴት ልጆችን ወላጅ በማያውቀው ቦታ ብቻቸውን አንልክም፤ ግንባታ ላይ የሚውሉት የራስ ቁር ሳያደርጉ አይገቡም፤ ማንም ልጅ ማሽን አይነካም።

ከአገር ውጭ ያላችሁ እናቶችና አባቶችም አልቀራችሁም። በዚያው ሳምንት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩላቸው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠሩ እንደዋላችሁ፣ የሚከብደውንም ደስ የሚለውንም። ልጁን ላለማሳዘን ብላችሁ የምታስቀሩትን እናንተ ታውቃላችሁ። ከአያት ጋር ያሉት ልጆች ቀኑን ከአያታቸው ጋር ሊያሳልፉ ይችላሉ፤ የመልእክቱ ማስታወሻም እንደ ሙሉ ሥራ ይታረምላቸዋል።

ከመጋዘኑ አንዱ ክፍል ተለቅቆ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለሥዕል፣ ለሙዚቃና ለጽሑፍ ይከፈታል። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ፣ ባለ ሱቆች ካርቶን፣ ቤቱ ውስጥ ጅማቱ የተበጠሰ ክራር ያለው ሰው ክራሩን ቢልክልን እንጠግነዋለን። ክፍሉን የሚጠቀም ልጅ የክፍል ሥራውን ጨርሶ መምጣት አለበት፤ ይህን እኔ ራሴ እቆጣጠራለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ ይመጣል። ከዚያ በፊት፣ በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት፣ ልጆቹ ያዩትን የሥራ ቀን ጽፈው በወላጆች ፊት ያነባሉ። የኅዳሩን ጽሑፍ ከአዲሱ ጋር አያይዘን እንሰጣችኋለን፤ ምርጫው ላይ ከልጃችሁ ጋር ስትነጋገሩ ሁለቱንም በእጃችሁ ያዙ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ልጁ የሚውልበትን ቦታ፣ ቀኑንና አብሮት የሚሆነውን ሰው ስም ሞልታችሁ፣ ፈርማችሁ እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በልጃችሁ እጅ ላኩልን። ቦታ ያጣችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩን፤ ፈቃደኛ የሆኑ ወላጆችን እናገናኛችኋለን። እኔን ማነጋገር የምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮዬ እገኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር