ፊሽካውን ለልጆቹ ስጧቸው፣ ይንፉበት

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ስራዬ እንጨት ነው፣ በርና አልጋ እሰራለሁ፣ ከበርና ካልጋ የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ፊሽካ አደርገዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ባህል ሙዚቃ ዝግጅቶቻችን ነው፣ በተለይ ህዝቡ እዛ ሄዶ ምን ይሰራል ስለሚለው ነገር። ምንም አይሰራም እኮ! ስፒከር ይደረደራል፣ ኪቦርድ ይገባል፣ ተወዛዋዦቹ ባህል ልብስ ለብሰው ይወጣሉ፣ እኛ ሞባይላችንን ከፍ አድርገን እንቀርጻለን፣ ከዛ ወደ ቤት። ልጆቹ ትከሻችን ላይ ውለው ይዘው የሚመለሱት ያችን ፕላስቲክ ጥሩምባ ነው፣ እሷም ማታውኑ ትሰበራለች (ጎረቤት ተመስገን ይላል)።

የኔ ሀሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ድምጽ ብቻ የምታወጣ ፊሽካ ይሰጠው፣ ፊሽካዎቹ ግን በአምስት ልክ ተቆርጠው በአንድ ቅኝት የተስማሙ ይሁኑ። አምስት ልጅ አቁማችሁ በእጅ እየጠቆማችሁ በየተራ ካስነፋችኋቸው ዜማ ይወጣል፣ ኖታ የለ ልምምድ የለ።

ደግሞ ከኔ ጭንቅላት የወጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ጊዶሌ አካባቢ ያሉት ደራሼዎች ፊላ የሚሉት የቀርከሃ መንፊያ አላቸው፣ እያንዳንዱ ሰው የያዘው የራሱን ድምጽ ነው፣ እየጨፈሩ አንዱ ሲነፋ ሌላው እየተቀበለው ዘፈኑ እመሀላቸው ይሰራል፣ አንድ ሰው ብቻውን ይዞት ቤቱ ቢገባ ዘፈን የለውም። እምቢልታም እንደዛው ነው፣ የጣት ቀዳዳ የለው ምን የለው፣ ሦስት ሆነው ነው እየተቀባበሉ የሚነፉት። ዋሽንት ሌላ ነው፣ በአራት ቀዳዳ አንድ ሰው ለብቻው ትዝታውንም ባቲውንም ይጫወትበታል፣ ግን ለጀማሪ ድምጽ ማውጣቱ ራሱ ጭንቅ ነው ምክንያቱም አየሩን አፉ ጠርዝ ላይ የሚያሳርፈው የነፊው ከንፈር ነው። ፊሽካ ላይ ይሄን ስራ ውታፉ (አፉ ላይ የሚወተፈው እንጨት) ይሰራልሃል፣ በጠባቧ ክፍተት አየሩን ወስዶ የመስኮቷ (ጎኑ ላይ የምትከፈተው ቀዳዳ) ስለታም ጠርዝ ላይ ይጥለዋል፣ ህጻን ልጅም እፍ ካለ ይጮሃል።

አሰራሩን ትንሽ ላውራ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በጣም የሚመቸው ከነሁላና ከነአርቤጎና የሚወርደው የደጋ ቀርከሃ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ የቆላው ድፍን ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ስትቆርጠው አንጓውን ከታች ታስቀረዋለህ፣ ታቹ ሲዘጋ ድምጹ ክፍት ከሆነው በአንድ ኦክታቭ (በአንድ ሙሉ የቅኝት ዙር) ገደማ ይወፍራል፣ ስለዚህ አጭር ሆኖም አይሰነጥቅም ጆሮ። ከላይ ውታፉን ከዋንዛ ቀርጸህ አንድ ጎኑን ትንሽ ትልገዋለህ፣ አየር የሚገባው በዛ ነው። መስኮቷን በስለታም ቢላ ትከፍትና የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አሹለህ ታሳሳዋለህ፣ ፊሽካው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚች ጋ ነው፣ ጠርዙ ከደነዘዘ ሽው የሚል አየር ብቻ ነው የሚሰማው። ልኩን ከጠርዙ እስከ አንጓው ነው የምትለካው፣ ትልቁ 18 ሴንቲ ከሆነ ቀጣዩ 16፣ ከዛ 14 ተኩል ገደማ፣ ከዛ 12፣ ትንሿ 11 ልትሞላ ምንም አይቀራት፣ ውፍረታቸው ተቀራራቢ ይሁን። እኔ ሁሌ ትንሽ አስረዝሜ ነው የምቆርጠው ምክንያቱም ታቹ ላይ ሰም ጠብ ሲደረግበት ድምጹ ይቀጥናል፣ አጥሮ የተቆረጠን ግን የሚያስረዝም የለም።

ከድፍን እንጨትም ይሰራል፣ በድሪል ይበሳል፣ ወይራ ድምጹ ጥርት ያለ ነው ግን ቢላ ይጨርሳል፣ ለኔ ቁራጩ የሚበዛው ግራቪሊያና ዋንዛ ስለሆነ በሱ ነው የምሰራው። ቁልቋል ምናምን ወተት ያለው ነገር አፍ ላይ እንዳይሄድ! ቫርኒሽም አትቀቡት፣ ልጅ ሊልሰው ነው።

ሌላው ነገር ማደሉ ነው። እየተቀባበሉ በአንዱ መንፋት አይሆንም፣ ምራቅ ነው፣ ለያንዳንዱ የራሱ፣ ከፈለገም ስሙን በጋለ ሚስማር ይጻፍለት። ሽያጭ ደግሞ አልወድም፣ የተሸጠ እንደሆነ የሚይዘው ገንዘብ ያለው ልጅ ብቻ ነው፣ የቀረው ያያል፣ ተመለስን ወደ ተመልካችነት። አንድ ዝግጅት ላይ ከረጢቴን ይዤ ስገባ ጥበቃው ንግድ ፈቃድ አለህ ወይ አለኝ፣ በነጻ ነው የማድለው ስለው ጭራሽ ተጠራጠረኝና ከበር መለሰኝ፣ በነጻ የሚሰጥ ሰው የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ደርሰናል ማለት ነው።

ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ በ2015 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ስሙ ርቆ ተሰምቷል፣ በአሉ የሚከበርበት ጉዱማሌም በበአሉ ሰው በሰው ነው። ቄጣላው (የሲዳማዎቹ የበአል ጭፈራ) መሀል ገብታችሁ ንፉ አላልኩም፣ እሱ የራሱ ስርአት አለው፣ ሽማግሌዎቹም ደስ አይላቸውም። የኔ ጥያቄ የከተማው ባህል ዝግጅቶች ላይ፣ ሐይቁ ዳር በሚደረጉትም ይሁን በየትምህርት ቤቱ፣ ከመድረኩ ራቅ ያለ አንድ ጥላ፣ አንድ ጠረጴዛና ድምጹ የማይደርስበት ጥግ ይፈቀድልን ነው፣ ስፒከር አጠገብ ከሆነማ ልፋቱ ከንቱ። ቀርከሃውን፣ መጋዙን፣ ሰሙን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ቢላ የሚይዙት ትልልቆቹ ናቸው፣ ትንንሾቹ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ።

እና ሀዋሳ ውስጥ ፊላ ነፍቶ ያደገ የደራሼ ሰው ካለ እባካችሁ ይቺን ደብዳቤ አሳዩት። እነሱ በጆሮ የሚጨርሱትን እኔ በሜትር ነው የምፈልገው፣ መጥቶ ልኬን ቢያስተካክልልኝ ቡናው በኔ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የእንጨት ሰራተኛው፣ ከሀዋሳ