ብቻህን እንዳትወጣ

ይድረስ ለልጄ ለሙሉቀን፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ባሕር ዳር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ግን የመብራት ምሰሶ ላይ የቁራ ጎጆ ስታፈርስ ቁራው መትቶህ ልትወድቅ እንደነበር ከጓደኛህ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። እኔም የለኝም። ለምን አልነገርከንም?

ስማኝ፣ ብቻህን እንዳትወጣ። ከሥር ቆሞ ወደ ላይ የሚያይህ ሰው ከሌለ፣ መስመሩም መቋረጡ ካልተረጋገጠ፣ አለቃ ቢቆጣ፣ ሰፈሩ በጨለማ ቢያድር እንኳ አትውጣ።

ይህን ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነ ቁራ ሐይቁ ዳር እያየኸው ነው ያደግኸው። አሳ አጥማጆቹ የአምባዛ አንጀት ሲጥሉ በአባ ኮዳዎቹ እግር መሃል ሾልኮ ይነጥቅና ሳር ውስጥ ይደብቀዋል፤ ከዚያ ቅጠል በመንቆሩ ጎትቶ ያለብሰዋል። ለጎጆው ጭራሮ ብቻ አይደለም የሚለቅመው፣ ሽቦም ይሰበስባል፤ እናንተን የሚያስቸግራችሁ ያ ሽቦ መስመር ሲነካ ነው። እንስቷ ከ3 እስከ 6 እንቁላል ጥላ 18 ወይም 19 ቀን ያህል ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ ለመብረር ከዚያ ወዲያ ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። በዚያ ጊዜ እናትም አባትም አይቀመሱም። የሚመጡብህም ከኋላህ ነው።

ፊትም ይለያሉ። በፈረንጆቹ 2006 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭንብል አጥልቀው ቁራ ያዙ፤ ያንን ጭንብል ያጠለቀ ሰው ባዩ ቁጥር ቁራዎቹ ለዓመታት ይጮሁበት ነበር። እነዚያ የአሜሪካ ቁራዎች ናቸው፣ ግን ዘር ከልጓም ይስባል። ወደዚያ ምሰሶ ስትመለስ የረሱህ እንዳይመስልህ።

የአጎትህ የአስማማው ቀኝ እጅ ለምን እንደማይዘረጋ ስትጠይቀው «የልጅነት ነገር ነው» እያለ ያልፍህ ነበር። እኔ ልንገርህ። ቁንዝላ ከብት ስንጠብቅ ለማንም ሳይናገር ጫጩት ሊያወርድ ወርካ ላይ ወጣ። ቁራዎቹ ከኋላው ሲመጡበት ራሱን ሊከላከል እጁን ከቅርንጫፉ አነሳ። በቃ። እስኪመሽ እዚያው ወድቆ ዋለ። ደንገል ሊያጭድ የሚወርድ አንድ ሰውዬ ቁራዎቹ አንድ ቦታ ላይ እያንዣበቡ ሲጮኹ ሰምቶ፣ እባብ መስሎት ጠጋ ባይል ኖሮ አጎት አይኖርህም ነበር። አያትህ ወጌሻ አመጡለት፣ አልተቃናም። ክራር ሲደረድር ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ሳሎን የተሰቀለው ያ ነው፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ በግራ እጅህ ሞክር ባለማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የኔ ጌታ፣ ብቻህን እንዳትወጣ። ጎጆው ውስጥ ጫጩት ካለና መስመሩን ካልነካ እስኪበሩ ይቆይላቸው፤ አለቃህን ለምነው። የሄልሜትህን ማሰሪያ ዛሬውኑ ቀይር። ሽሮውና በርበሬው በቅዳሜው ሚኒባስ ይመጣልሃል፣ መናኸሪያ ጠብቀህ ተቀበል፤ ባዶ ጣሳዎቹን መልስ። ደብዳቤው እንደደረሰህም ለእናትህ ደውል።

አባትህ